እየጻፉ ማንበብ፦ ከመርሐ ቤቴው ኅሩይ የምናገኘው ትምህርት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጻፍ ነው። «እኛ ገና ማንበብ የጀመርን ሰዎች ነን፤ መጻፍ ደግሞ ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ግን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ማንበብ የቻለ ጎልማሳ ብዙ ሳይቆይ ደብተር መግዛቱ አይቀርም። አንዱ የአባቶቹን ስም በተራ መጻፍ ይፈልጋል። ሌላው ያገሩን ታሪክ ለመጻፍ ያስባል። ሌላዋ እናቷ የነገረቻትን ተረት ልትጽፍ ትነሣለች። እንዲህ ያለው ሥራ ትንሽ ቢመስልም መጽሐፍ መጻፍ ነው እኮ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። የራሴን በምጽፍበት ጊዜ የሌላ ሰው መጽሐፍ ላንብብ ወይስ ልተው? አንዳንዱ «ካነበብኩ እጄ የሌላውን ይከተላል፤ የራሴ ነገር ይጠፋብኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳላነብ ብጽፍ ያለ ዘር እርሻ እንደ መውጣት ነው» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። እኛ ግን በቃል ብቻ ከምንከራከር ነገሩን በአንድ ሰው ሥራ ላይ እንየው። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው አይደሉም። የጎረቤታችን የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ናቸው። ስማቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይባላል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቃችሁ። ዘመኑን የምናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር የምናገረው ሲኖር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ግድም ነው። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። ኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ አምስተኛው ጆርጅ ዘውድ ሲጭን፣ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ለንደን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን አዩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ጃፓን ደረሱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆነዋል። ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ማንበብና መጻፍ አላቋረጡም።

ከሥራዎቻቸው ሦስቱን ብቻ እንመልከት። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ንባብ ያሳዩናል።

የመጀመሪያው በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ስም እየፈለጉ መዘገቡ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አሳተሙት። ልብ በሉ፤ ገበሬ ሞፈሩን ከማንሣቱ በፊት መሬቱን ዞሮ ያያል። የት ድረስ ታርሷል? የቱ ጦሙን አድሯል? ኅሩይም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አብዛኞቹን መጻሕፍታቸውን ከመጻፋቸው በፊት ሌላው ሰው ምን እንደጻፈ ቆጠሩ። እንግዲህ «የሚጽፍ ሰው አያንብብ» ለሚለው ወገን መልሱ እዚህ ላይ ነው። ያልተጻፈውን ለማወቅ የተጻፈውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በ1915 ዓ.ም. የታተመው «ወዳጄ ልቤ» የተባለው መጽሐፍ ነው። የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ ያስረዳል። ይህን መጽሐፍ ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ጆን በንያን የተባለ እንግሊዛዊ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1678፣ የአንድ መንፈሳዊ መንገደኛን ታሪክ አሳትሞ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ክፋትም ደግነትም እንደ ሰው ሆነው መንገደኛውን ያነጋግሩታል። መጽሐፉ ወደ ብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ ወደ አማርኛም ተመልሷል። የኅሩይ መጽሐፍ አካሄድ ይህንን ይመስላል።

ታዲያ ኅሩይ ገለበጡ ማለት ነው? አይደለም። የተከተሉት አካሄዱን ነው። ቃሉን ግን ከተማሩት ትምህርትና ካገራቸው ኑሮ አወጡት። ይህ ልማድ ላገራችን ሊቃውንት አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ አገባቡን ይማራል፤ ከዚያ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። የሰማውን መልሶ «የራሴ ነው» ቢል ያፍራል እንጂ አይመሰገንም። ነገር ግን ከመምህር ሳይሰማ ባለ ቅኔ ልሁን ቢል አይሆንለትም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ወርቁን አትዋስ፤ የአንጥረኛውን ሥራ ግን ተማር።

ሦስተኛው ሥራ የነገሥታት ስም ዝርዝር ነው። ይህ ሥራ ጥንቃቄ ያስተምረናል።

በየገዳሙና በየደብሩ በብራና የተጻፉ የነገሥታት ዝርዝሮች ነበሩ። እነዚህ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ አይስማሙም። በስምም በቁጥርም ይለያያሉ። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ለቻርልስ ሬይ፣ ለአንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ረጅም ዝርዝር ሰጡት። እርሱም በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ውስጥ አሳተመው። ይህ ዝርዝር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4,500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምራል። ከ300 የሚበልጡ ነገሥታትንም ይቆጥራል። ዝርዝሩን የመረመሩ ሊቃውንት ያዘጋጁት ኅሩይ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ኅሩይም በታሪክ መጻሕፍታቸው ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል።

ታዲያ በብራናዎቹ ላይ የሌሉት ስሞች ከየት መጡ? ሊቃውንቱ መጻሕፍትን ጎን ለጎን አድርገው ሲያስተያዩ ምንጩን አገኙት። ሉዊ ሞሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ብዙዎቹ ስሞች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። ሞሪዬ ደግሞ የግሪክን ተረት፣ የግብፅንና የኩሽን ነገሥታት፣ የእኛንም የብራና ዝርዝር አንድ ላይ ቀላቅሎ ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደተቀላቀለ ላስረዳችሁ። በጥንት ዘመን ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር። ከሁሉ በላይ የሚሉት ዛሬ ሱዳን በሆነው አገር የነበረውን የኩሽን መንግሥት ነው። ለምሳሌ ቲርሐቅ ወይም ታሃርቃ የሚባለው ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ኩሽንና ግብፅን የገዛ ነው። የመንግሥቱ መዲና ናፓታ በዓባይ ዳር፣ በሱዳን ትገኛለች። እንግዲህ ስሙ አንድ ስለሆነ አገሩም አንድ መሰለ። የናፓታ ንጉሥ በአክሱም ነገሥታት ተራ ገብቶ ተቆጠረ። በግሪክ ተረት ውስጥ ብቻ ያለ ሰው እንኳ ዙፋንና ዘመን ተሰጠው።

ይህ በምን ዘመን እንደተደረገ ካሰብን ፍላጎቱ ይገባናል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን አፍሪካ ታሪክ የላትም ይሉ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የአገርን ዕድሜ የሚያስረዝም መጽሐፍ ቢገኝ ማን ይጠላል? ነገር ግን ጉዳቱ ኋላ መጣ። ዝርዝሩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዳ ሄደ። ለሬይ በተሰጠው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ስም ከየት እንደተገኘ አልተጻፈም። ስለዚህ ተራ አንባቢ የገዳሙን ስም ከፓሪሱ ስም መለየት አልቻለም። እውነተኛው ስም እንኳ ከሐሰተኛው አጠገብ በመቀመጡ ተጠረጠረ።

እኛ የመንዝና የግሼ ሰዎች ይህ ነገር በደንብ ይገባናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ እስከታወጀ ድረስ፣ በመንዝና በአካባቢው ርስት የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ ነበር። ባለ ጉዳዩ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስም ይቆጥራል። ተከራካሪው ደግሞ «ይህኛው አባት ከየት መጣ? ማን ይመሰክርልሃል?» ብሎ ይይዘዋል። አንድ ስም በመካከል ሾልኮ ከገባ መሬት ይሄዳል። አንድ ስም ከተጣለም ሰው ከርስቱ ይነቀላል። እንግዲያው ማንበብና መጻፍ የማያውቁ አባቶች እንኳ ምስክር የሌለውን ስም ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። መጽሐፍ ሲሆን ግን፣ ያውም ከሩቅ አገር የመጣ ሲሆን፣ ማን ይጠይቀዋል? የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለመጽሐፍም ልናውለው ይገባል።

ሌላ ምስክር የሚገኘው ከየት ነው? አንዳንድ ጊዜ ከድንጋይ ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት አክሱም ላይ ሥራውን በድንጋይ አስቀርጿል። ስሙ በገንዘቡ ላይም አለ። ብዙዎቹ የብራና ዝርዝሮች ግን በዚህ ስም አያውቁትም። እንግዲህ መጽሐፍ የረሳውን ድንጋይ አስታወሰ ማለት ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ?

አሁን ወደ እናንተ ደብተር እንመለስ። የመንደራችሁን ወይም የቤተሰባችሁን ታሪክ ልትጽፉ ከሆነ እኔ በበኩሌ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ መጽሐፉን ከዚያ በኋላ አንብቡ። ለምን ቢባል፣ መጽሐፍ አንብቦ የሄደ ሰው የሚጠይቀው መጽሐፉ የነገረውን ነው። ለምሳሌ ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት ስሞች በመንዝ የታወቁ ናቸው። አንድ ሰው ስለ እነርሱ አንብቦ ይሄድና «አባባ፣ አገሩን ያቀኑት ማማ፣ ላሎና ጌራ ናቸው አይደል?» ይላል። ሽማግሌውም እንግዳ ማሳፈር ስለማይወዱ «አዎን ልጄ» ይሉታል። ይህ ምስክርነት አይደለም፤ መጽሐፉ በሽማግሌው አፍ ተመልሶ መናገሩ ነው። «አባባ፣ ይህን አገር ያቀኑት እነማን ናቸው? እርስዎስ ከማን ሰሙ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚያውቁትን ይነግሯችኋል። የነገሯችሁን በቃላቸው ጻፉ። ስማቸውንና ቀኑንም መዝግቡ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ አንብቡ፤ በአንድ መጽሐፍ ብቻ ግን አትታመኑ። ሁለት መጻሕፍት ከተስማሙም፣ አንዱ ከሌላው ቀድቶ እንደሆነ መርምሩ። ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው የሰሙትን ቢመሰክሩ ምስክሩ አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልትጽፉ ስትቀመጡ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ዝጉት። ነገሩን ለባለቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ በአፋችሁ አውሩት። ከዚያ እንዳወራችሁት ጻፉት። ያን ጊዜ ቃሉ የራሳችሁ ይሆናል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ክፈቱና ስሙንና ዘመኑን አስተያዩ። በገጹ ዳር ደግሞ «ይህን ከእገሌ ሰማሁ»፣ «ይህን ከእገሌ መጽሐፍ አገኘሁ» ብላችሁ ጻፉ። ተረት የምትጽፉም ብትሆኑ ያው ነው። የሌላውን አካሄድ ተማሩ፤ አነጋገሩ ግን የእናታችሁ ይሁን።

ውድ አድማጮች፣ በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሲገባ ኅሩይ ከአገራቸው ወጡ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ሳሉ ዐረፉ። የጻፉት ግን አልሞተም። የመጻሕፍት ዝርዝራቸው ዛሬም ተመራማሪን ይረዳል። «ወዳጄ ልቤ»ም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል። የነገሥታቱ ዝርዝር ሊታረም የቻለውም የኅሩይን መጽሐፍና እርሳቸው ያነበቡትን መጽሐፍ አብሮ ያነበበ ሰው ስለተገኘ ነው። ማረም ሰውን ማዋረድ አይደለም። ሥራውን ከልብ ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚያርመው።

ስለዚህ እየጻፋችሁ አንብቡ። ከሰው የወሰዳችሁትን ግን ከማን እንደወሰዳችሁ ሳትጽፉ አትለፉ። ነገ ልጆቻችን ደብተራችንን ሲከፍቱ፣ የተሳሳትነውን የሚያርሙበት ምልክት ይገኝላቸው።