የታንኳ ፖሎ በዓለም ጨዋታዎች፤ የውድድሩ አሠራርና ለአካባቢያችን ያለው ትርጉም

የታንኳ ፖሎ በአንድ ሰው ካያክ ላይ የተቀመጡ ተጫዋቾች ኳስን በእጃቸው እየተቀባበሉ ከውሃው በላይ በተንጠለጠለ ግብ ውስጥ ለማስገባት የሚፎካከሩበት የቡድን ስፖርት ነው። ስፖርቱ የታንኳ ቀዘፋን፣ የውሃ ፖሎንና የቅርጫት ኳስን ባሕርያት አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ በበላይነት የሚመራውም ዓለም አቀፉ የታንኳ ቀዘፋ ፌዴሬሽን ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ተካሂዷል። የታንኳ ቀዘፋ እ.ኤ.አ. ከ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ጀምሮ የሜዳሊያ ውድድር ቢሆንም፣ የታንኳ ፖሎ ግን በኦሎምፒክ ፕሮግራም ውስጥ አልተካተተም። በመሆኑም ስፖርቱ ከሌሎች በርካታ ስፖርቶች ጋር በአንድነት የቀረበበት ትልቁ ዓለም አቀፍ መድረክ የዓለም ጨዋታዎች ነው።

የዓለም ጨዋታዎች በአብዛኛው በኦሎምፒክ ያልታቀፉ ስፖርቶች የሚሳተፉበት ዝግጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሳንታ ክላራ ከተማ ተጀምሯል። የታንኳ ፖሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተው በጀርመን ዱይስበርግ ከተማ ከሐምሌ 7 እስከ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በተካሄደው ዝግጅት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2009 በታይዋን ካኦሲዩንግ፣ በ2013 በኮሎምቢያ ካሊ፣ በ2017 በፖላንድ ቭሮትስዋፍ እንዲሁም በ2022 በአሜሪካ በርሚንግሃም በተከናወኑት ዝግጅቶች በወንዶችና በሴቶች ውድድር ተካሂዶበታል። የበርሚንግሃሙ ዝግጅት በ2021 ሊካሄድ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደዚያው ዓመት በመሸጋገሩ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል። በስፖርቱ ጠንካራ ከሚባሉት አገሮች መካከል ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ታላቋ ብሪታንያና ኒውዚላንድ ይገኙበታል።

በጨዋታው ደንብ መሠረት ከእያንዳንዱ ቡድን 5 ተጫዋቾች ውሃ ላይ ይሰለፋሉ፤ 3 ደግሞ በተጠባባቂነት ይያዛሉ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ በሚፈጁ ሁለት ግማሾች ይከፈላል። የመጫወቻው ስፍራ 35 ሜትር ርዝመትና 23 ሜትር ስፋት አለው። ግቡ 1 ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከውሃው ወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። አንድ ተጫዋች ኳስ በእጁ ከገባ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ማቀበል ወይም መወርወር ይኖርበታል። ኳስ የያዘ ቡድንም በ60 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ግብ መሞከር ግዴታው ነው።

ኳስ የያዘን ተጫዋች በእጅ መዳፍ ገፍቶ መገልበጥና በጀልባ መግፋት በተወሰነ ገደብ የተፈቀደ ነው። በዚህም ምክንያት ፍርግርግ የፊት መከላከያ ያለው የራስ ቆብና አካልን ከጉዳት የሚጠብቅ ተንሳፋፊ ጃኬት ማድረግ ግዴታ ሲሆን፣ የጀልባው ጫፎችም በለስላሳ ነገር ይሸፈናሉ። የተገለበጠ ተጫዋች ከጀልባው ሳይወጣ ራሱን መልሶ የማቃናት ችሎታ ሊኖረው ይገባል። ከጀልባው ከወጣ ግን ከነመሣሪያው ከመጫወቻው ስፍራ መልቀቅ ይኖርበታል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ስፖርቱ ሰፊ የውሃ አካል የማይጠይቅ መሆኑን ነው። የሚያስፈልገው የረጋ፣ ንጹሕና በቂ ጥልቀት ያለው አነስተኛ የውሃ ስፍራ ሲሆን፣ በመዋኛ ገንዳም ሊካሄድ ይችላል። ዋነኛው መመዘኛ የውሃው ስፋት ሳይሆን የተጫዋቾች የዋና ችሎታና የደኅንነት ዝግጅት ነው።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርዕሰ ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። አካባቢውን የሚያጠጣው የቦርከና ወንዝ ሲሆን፣ የጨፋ ረግረጋማ ስፍራም በበጋ ወራት ለአርብቶ አደሮች ከብቶች የግጦሽና የውሃ መጠጊያ ነው። ቦርከና በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚቀንስ ወንዝ በመሆኑ፣ ጨፋም የኅብረተሰቡ መተዳደሪያ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ስፖርት ተስማሚ ተደርገው ሊወሰዱ አይችሉም። በዞኑ የውሃ ስፖርትን ማስጀመር ቢታሰብ አማራጩ ገንዳ ወይም በአጎራባች ደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ ውሃ ይሆናል።

በክልሉ የቀዘፋ ባህል ጥንታዊ ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖች፣ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት፣ ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱና ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና የተስፋፋው የእምቦጭ አረም ዓሣ አጥማጆችንና ታንኳ ቀዛፊዎችን ማስቸገሩ ይታወቃል። ስለሆነም የውሃ አካላትን መጠበቅ ለውሃ ስፖርትም ቀዳሚ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የምትታወቀው በአትሌቲክስ ሲሆን፣ በለንደን 2012 እና በሪዮ 2016 በዋና ስፖርት ተወክላለች። በአፍሪካ ጨዋታዎችም በ2011 በማፑቶና በ2019 በሞሮኮ የታንኳ ቀዘፋ ፍጥነት ውድድር ተካሂዷል። ወደ ዓለም መድረክ የሚያደርሰው መንገድ ስለዚህ በአህጉር ደረጃ ከሚገኘው የቀዘፋ ውድድር ሊጀምር ይችላል።

ጉዳዩን የሚመለከታቸው የወረዳና የዞን የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማቸዋል። አስቀድሞ ወጣቶች ዋናና የነፍስ አድን ሥልጠና ማግኘት አለባቸው። ቀጥሎ ደረጃውን የጠበቀ የራስ ቆብና ተንሳፋፊ ጃኬት ሊቀርብ፣ አሠልጣኞችና ዳኞችም ሊሠለጥኑ ይገባል። ጀልባ መግዛት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ለውድድር የማይደርስ ወጣት እንኳ ዋና መቻሉ በክረምት ወንዝ በሚሞላባቸው አካባቢዎች ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል።