የጎርፍ ስጋትን ከምንጩ መቀነስ፦ የጣና ተፋሰስ እና የፎገራ፣ የደንቢያ ሜዳዎች

ክረምቱ በበረታ ቁጥር በጣና ሐይቅ ምሥራቅ እና ሰሜን ዳርቻ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ዓይናቸውን ከሁለት ነገር አያነሱም። አንደኛው በአጠገባቸው የሚፈሰው ወንዝ ሲኾን ሁለተኛው ከሩቅ የሚታየው የጉና ተራራ ሰማይ ነው። ጉና ላይ ሌሊቱን የጣለ ዝናብ በነጋታው የፎገራን ማሳ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። የጎርፍ ስጋትን መቀነስ የሚቻለው ጎርፉ ያረፈበትን ሜዳ ብቻ በማየት ሳይኾን ተፋሰሱን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ አድርጎ በመመልከት ነው የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተፋሰሱ ገጽታ

የጣና ተፋሰስ 15 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ። ርብ እና ጉማራ መነሻቸውን ከጉና ተራራ አድርገው በፎገራ ሜዳ በኩል ሐይቁን ይቀላቀላሉ። መገጭ ደግሞ ከጎንደር አቅጣጫ ወርዶ የደንቢያን ሜዳ ያቋርጣል።

የጉና ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር ይበልጣል። የፎገራ ሜዳ ከፍታ ግን 1 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ቁልቁል ተምዘግዝጎ ወርዶ ድንገት ዝርግ መሬት ላይ ያርፋል ማለት ነው። የተፋሰሱ ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚጥል በመኾኑ ይህ ኹሉ የሚፈጸመው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ጎርፉ ለምን ይከሰታል?

ምክንያቶቹ ተደራራቢ ናቸው። የመጀመሪያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በሜዳው ላይ የሚበዛው ዋልካ አፈር ደግሞ ከራሰ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ የማስረግ አቅሙ ዝቅተኛ ነው።

ሁለተኛው ደለል ነው። ደን በተመናመነባቸው እና ተዳፋት መሬት በሚታረስባቸው የላይኛው ተፋሰስ አካባቢዎች ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ወንዙ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን አሸዋ እና ደለል በራሱ መፍሰሻ ውስጥ ይጥላል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ የሚይዘው የውሃ መጠንም ይቀንሳል። ቀድሞ በመፍሰሻው ውስጥ ያልፍ የነበረ ሙላትም ዳር ሰብሮ ይወጣል።

ሦስተኛው ሐይቁ ራሱ ነው። የጣና የውሃ ከፍታ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ክረምቱ በሚወጣበት ወቅት ነው። የሐይቁ ውሃ ከፍ ሲል የወንዞቹ አፍ ይታፈናል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተገፍቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ጎርፉ በአንዳንድ ቀበሌዎች ቶሎ የማይሸሸው ለዚህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው አደጋ የእነዚህ ምክንያቶች መደራረብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። ድሬዳዋ እና ደቡብ ኦሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ባጡበት በዚያው ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም እና በደንቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

ውሃው ጠላትም ወዳጅም ነው

የፎገራ አርሶ አደር ከውሃው ጋር ያለው ግንኙነት የፍርሃት ብቻ አይደለም። ሙላቱ ይዞት የሚመጣው ለም አፈር ማሳውን ያዳብራል። ቀድሞ በወተት ላሞቹ ይታወቅ የነበረው ይህ ሜዳ ዛሬ የሀገሪቱ ቀዳሚ የሩዝ አምራች አካባቢ የኾነው ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ሐይቁ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ የሚዘራው ባሕር ሸሽ እርሻም የብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ነው።

ይኹን እንጅ ሩዝም ቢኾን ለብዙ ቀናት ሙሉ በሙሉ ከተዋጠ ወይም ደለል ከተጫነው ይጠፋል። ጎርፍ ጎተራ ያበላሻል፤ የግጦሽ መሬት ይሸፍናል፤ መጸዳጃ ቤቶችን አጥለቅልቆ የመጠጥ ውሃን ይበክላል። ከሸሸ በኋላ የሚቀረው የተኛ ውሃ ደግሞ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይኾናል። በመኾኑም ግቡ ውሃውን ጨርሶ ማስቀረት ሳይኾን ጥቅሙን ሳያጡ ጉዳቱን መቀነስ ነው።

የግድብ እና የዳይክ ጥቅም እና ወሰን

በርብ ወንዝ ላይ የተገነባው ግድብ 73 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲኾን 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ ነው። ዋና ዓላማው መስኖ ቢኾንም የክረምቱን ሙላት ይዞ ቀስ በቀስ በመልቀቅ የጎርፍ ጫናን ያቀላል። ግድቡ የሚቆጣጠረው ግን ከበላዩ ያለውን ተፋሰስ ውሃ ብቻ ነው። ከግድቡ በታች የሚቀላቀሉ ገባሮች አሁንም ያለ ከልካይ ይወርዳሉ። የላይኛው ተፋሰስ ካልተጠበቀ ደግሞ ሜዳውን ይሞላ የነበረው ደለል ግድቡን ይሞላል።

በወንዝ ዳርና ዳር የሚሠራው የአፈር ዳይክም እንዲሁ ነው። ማሳን እና መንደርን ከሙላት ይከላከላል፤ ነገር ግን ደለሉ በሁለቱ ዳይኮች መካከል ስለሚከማች የወንዙ ወለል ከዙሪያው መሬት በላይ ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ ዳይኩ ከተሰበረ የሚወጣው ውሃ ከቀድሞው የከፋ ይኾናል። በአንድ ዳር ብቻ የተሠራ ዳይክ ደግሞ ሙላቱን ወደ ማዶው ጎረቤት ይገፋል። ስለዚህ የዳይክ ሥራ ኹለቱንም ዳር አይቶ መታቀድ፣ በየበጋው መጠገን እና ከደለል ጠረጋ ጋር አብሮ መሄድ ይኖርበታል።

ከራስጌው መጀመር

ዘላቂው መፍትሔ የሚጀምረው ተዳፋቱ ላይ ነው። እርከን የውሃውን ፍጥነት ይሰብራል። በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር ደለሉን እዚያው ያስቀራል። ከንክኪ ነጻ የኾነ ተራራ ሣር እና ቁጥቋጦ አብቅሎ ውሃን ወደ መሬት ያሰርጋል። በበጋ ወራት በሕዝብ ጉልበት የሚሠራው የተፋሰስ ልማት ለላይኛው አርሶ አደር አፈሩን፣ ለታችኛው ደግሞ ቤቱን ያተርፍለታል። ያልተጠገነ እርከን ግን በአንድ ከባድ ዝናብ ተንዶ ጎርፉን ሊያብስ ስለሚችል፣ ሥራው በተቆፈረው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይኾን ከዓመታት በኋላ በቆመው መለካት አለበት።

በግርጌው ደግሞ ረግረጋማ መሬቶች አሉ። የጣና ዳር ደንገል ሙላትን እንደ ስፖንጅ ይመጣል፤ ደለልንም ያጣራል። እነዚህ መሬቶች እየታረሱ በሄዱ ቁጥር ውሃው የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ኾኖ መመዝገቡ ለዚህ ጥበቃ መሠረት ይኾናል። መሬት የሌለውን ወጣት ከዳርቻው እንዲርቅ ለመጠየቅ ግን ሌላ መተዳደሪያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚጨምረው

የአየር ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር አየሩ ሊይዘው የሚችለው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ይህም ከባድ ዝናብ በአንድ ጊዜ የመጣል ዕድሉን ያሰፋል። በሌላ በኩል በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ እንዳሳየው ዝናቡ ጨርሶ የሚቀርበት ዓመትም ይመጣል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም ተፋሰስ ማለት ለሁለቱም የተዘጋጀ ተፋሰስ ነው። እርከን፣ ደን እና ረግረግ ተመራጭ የሚኾኑትም በጎርፍ ጊዜ ያስቀሩትን ውሃ በድርቅ ጊዜ ስለሚመልሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ ጠቃሚ የሚኾነው በጊዜ ሲደርስ ነው

የሜትዎሮሎጂ ትንበያ እና የወንዝ ከፍታ ልኬት ሰዓታትን ወይም ቀናትን ይሰጣሉ። ያ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፈው መልዕክቱ የመጨረሻዋ ቀበሌ ከደረሰ ነው። ካልደረሰ ግን “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይኾናል። በላይኛው ወረዳ የሚታየው ሙላት በስልክ እና በሬዲዮ ለታችኛው ቀበሌ የሚነገርበት፣ የመሸሻ ከፍታ ቦታም አስቀድሞ የሚታወቅበት ሥርዓት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በወንዝ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦችም ክረምት ሳይገባ የሚከተሉትን ቢያደርጉ ይመከራል፦

• ዘር እና እህልን ከወለል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ፤
• ከብቶች የሚወሰዱበትን ከፍ ያለ ስፍራ ከጎረቤት ጋር መስማማት፤
• የመሬት ይዞታ ደብተርን እና ሌሎች ሰነዶችን ውሃ በማያስገባ ነገር መጠቅለል፤
• አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችን እና ሕጻናትን ማን እንደሚያወጣ አስቀድሞ መወሰን፤
• የሞላ ወንዝን አለመሻገር፤ ከጉልበት በታች የኾነ ፈጣን ጎርፍ እንኳን አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላልና፤
• ጎርፍ ከገባ በኋላ የመጠጥ ውሃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠቀም።

ጉና ላይ የቆመው እርከን እና ጣና ዳር የቀረው ደንገል የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው። የላይኛው እና የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ አንዱ ለሌላው እየሠራ መኾኑን ሲያውቅ የፎገራ እና የደንቢያ ገበሬ ክረምትን በስጋት ሳይኾን በተስፋ መጠበቅ ይችላል።