የሳኬ ጽዋና የተማረኩት ሸክላ ሠሪዎች

በጃፓን አገር፣ ዳግመኛ መገናኘታቸው የሚያጠራጥር ሰዎች ሲለያዩ፣ ሳኬ በሚጠጣበት ጽዋ ውኃ ቀድተው የሚሰነባበቱበት የቆየ ልማድ አለ። «ሚዙሳካዙኪ» ይሉታል፤ የውኃ ጽዋ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከቤታችን ስንወጣ ይኸን ያህል ስንብት እንኳ አላገኘንም። ስለዚህ ጽዋውን ማን እንደ ሠራው መጠየቅ ከኛ ጉዳይ የራቀ ሆኖ አልታየንም።

ሳኬ ከሩዝና ከውኃ፣ «ኮጂ» በሚባል ሻጋታና በእርሾ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ትንሿ ጽዋ «ኦቾኮ»፣ ተለቅ ያለችው «ጉይኖሚ» ትባላለች። በማዕድ ላይ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ይቀዳለታል፤ እሱም ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀበልና በተራው ይቀዳል። በሠርግም ሙሽሮቹ ከሦስት ጽዋዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ይጎነጫሉ፤ ይኸውም «ሳንሳንኩዶ»፣ ሦስት ሦስት ዘጠኝ ጊዜ፣ ይባላል። የጽዋ ማኅበር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ታዲያ በሸክላቸው ከታወቁት የጃፓን ቦታዎች አንዳንዶቹ ስማቸውን ያገኙት ከጦርነት በኋላ ነው። ጃፓንን በአንድ አገዛዝ ሥር ያዋለው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ እ.ኤ.አ. በ1592፣ ዳግመኛም በ1597 በኮሪያ ላይ ዘመተ። በ1598 ሲሞት ጦሩ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም። መሳፍንቱ የኮሪያን ሸክላ ሠሪዎች ማርከው ወሰዱ። በዚያ ዘመን የጃፓን መኳንንት ለሻይ ሥነ ሥርዓታቸው የኮሪያን ሸክላ እጅግ ይመኙ ነበርና፣ ዕቃውን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን መዝረፍ መረጡ።

በደቡብ፣ በሳትሱማ ግዛት፣ መስፍኑ ሺማዙ ዮሺሂሮ ያመጣቸው ምርኮኞች ናኤሺሮጋዋ በሚባል መንደር ሰፈሩ። በመጀመሪያ የተሠሩት ዕቃዎች «ሂባካሪ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «እሳቱ ብቻ» ነው። አፈሩም፣ ልባሱም፣ እጁም የኮሪያ ስለ ነበረ ከጃፓን የተገኘው እሳቱ ብቻ ነበር። ይዘውት የመጡት አፈር ሲያልቅ በባዕድ ምድር ሌላ አፈር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ገዢዎቹ የኮሪያ ስማቸውንና ልብሳቸውን እንዲጠብቁ አዘዟቸው፤ ይኸ ግን ከርኅራኄ ሳይሆን ከአገሬው ተለይተው እንዲኖሩ ነው።

በምዕራብ፣ በሃጊ ደግሞ፣ ሁለት ኮሪያውያን ወንድማማቾች ለሞሪ መሳፍንት የሸክላ መተኮሻ አቆሙ። የአንደኛው ቤት ሳካ ኮራይዛኤሞን የሚል ስም ወረሰ፤ «ኮራይ» ማለት ኮሪያ ነው። የሃጊ ጽዋ ልባሱ ቀጫጭን ስንጥቅ ስላለው ሳኬው ቀስ በቀስ እየሰረገበት በዓመታት ብዛት መልኩ ይለወጣል። ይኸው ጥበብ እስካሁን አልተቋረጠም። የሃጊ ሸክላ ሠሪዎች የሆኑት ወንድማማቾች ሚዋ ኪዩዋ በ1970፣ ሚዋ ጁሴትሱም በ1983 በጃፓን «ሕያው የሀገር ሀብት» የሚባለውን ማዕረግ አግኝተዋል።

እኛስ? በሀገራችን ሸክላ ሠሪን ቡዳ እያልን፣ እንስራዋን ገዝተን እሷን ከማዕዳችን አራቅናት። ይኸን ጥፋት ሳንናገር የሌላውን ጥፋት ብቻ ብንቆጥር ታሪክ አስተማርን ማለት አንችልም።

በ1998 አራት መቶኛው ዓመት ሲከበር፣ ናምዎን ከምትባለው የኮሪያ ከተማ እሳት ወደ መንደሩ መጣ። በዚህ ጊዜ አፈሩ የጃፓን፣ እሳቱ ግን የኮሪያ ሆነ። ቺን ጁካን በሚባለው ቤትም ዐሥራ አምስተኛው ትውልድ የአያቶቹን የኮሪያ ስም እንደ ያዘ ይሠራል።

ስደት ጥበብን ይወልዳል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንልም። ጥበቡ ከማራኪው አልተገኘም፤ ሰዎቹ ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ነው፤ የቆየውም ለልጅ ስላስተማሩት ነው። እኛም ከያዝነው የሚተርፈው ያስተማርነው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር መካከል፣ ንቀቱን ፈርታ ሙያዋን ደብቃ የምትኖር ሸክላ ሠሪ እናት ካለች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር እንድትመጣልን በአክብሮት እንለምናለን። አፈሩን ልጆቹ ይቆፍራሉ፤ ማገዶውን እኛ እናመጣለን።