የበርበሬው መንገድና የሻላ ፔሊካኖች

አዘጋጆቹ «አንተ የመርካቶ ልጅ ነህ፤ ስለ ሰፈርህ ታሪክ ጻፍልን» ሲሉኝ ስለ ወፍ እጽፋለሁ ብለው አልጠበቁም ይሆናል። ነገሩ ግን የተያያዘ ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረ። መርካቶ እያደገ ሲሄድ በርበሬም የራሱን በረንዳ ያዘ። የሰፈሬ ነጋዴ ዛላውን ሰበር አድርጎ «ይሄ የማረቆ፣ ያ የአላባ» ብሎ ይለያል። የአላባው በሻሸመኔ ዞሮ ሲመጣ ላንጋኖን፣ ዝዋይንና መቂን አልፎ ነው። ሾፌሮች ጆንያ እያስወረዱ በሐይቆቹ ዳር ስለሚሰፍረው ነጭ ወፍ ሲያወሩ እየሰማሁ አደግሁ። አራት ኪሎ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር ታዲያ፣ የዚያን ወፍ ታሪክ የመዘገበው የራሳችን ዩኒቨርሲቲ መሆኑን አወቅሁ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በጁሊያን ሃክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ ቡድን ስለ አገራችን የዱር እንስሳት አጥንቶ፣ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው መከረ። በዚያው ዘመን ኤሚል ኧርባን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። እሱና ኬንያ ይኖር የነበረው ሌስሊ ብራውን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትን ፔሊካኖች አጥንተው በ1969 አሳተሙ። በ1971 ደግሞ የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በዩኒቨርሲቲያችን ፕሬስ አወጡ።

የፔሊካኖቹ ኑሮ የሚገርም ነበር። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ደሴቱም ለእንቁላልና ለጫጩት ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ዓሣው ግን እዚህ ግባ አይባልም። ምግቡ ያለው ጎረቤቱ አብያታ ዘንድ ነበር፤ ጥልቀት የለውም፣ ቆሮሶ ግን ሞልቶታል። ወፎቹ ፀሐይ አየሩን እስክታሞቅ ይጠብቁና ሽቅብ በሚወጣው ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ከፍታ ይሻገራሉ። ዓሣውን በሆዳቸው ይዘው ይመለሳሉ። በአንዱ ሐይቅ ይፈለፍላሉ፣ በሌላው ይመገባሉ ማለት ነው።

አብያታም ብቻውን አይኖርም። ዋና ገባሩ ከዝዋይ የሚነሳው የቡልቡላ ወንዝ ነው። የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሲቋቋም 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ተከለለለት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ዝዋይ ግን ከወሰኑ ውጭ ቀረ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ጎጆው ተከለለ፣ የውሃው ምንጭ አልተከለለም።

ከዚያ በኋላ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ፣ ከራሱ ከአብያታ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑም መመገቢያውን አጣ። ፍላሚንጎ በጨዋማ ውሃ የሚበቅለውን ጥቃቅን አልጌ ስለሚበላ ይኖርበታል። የዛሬ ጎብኚ ዳርቻውን ሮዝ ያለበሰውን የፍላሚንጎ መንጋ ፎቶ አንስቶ «ድንቅ ነው!» ብሎ ይመለሳል። ድንቅስ ድንቅ ነው። የጎደለውን የሚያውቀው ግን የድሮውን መዝገብ ያነበበ ነው። ፔሊካን ማየት የፈለገ ዛሬ ዝዋይ ዳር ይሄዳል፤ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉትን አንጀት ከአባ ኮዳ ጋር ሲሻማ ያገኘዋል።

በዚህ ገበሬውን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። የዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት እኮ የሚመጣው ለእኛው ማዕድ ነው። በበርበሬው መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠውም ከሰል ከየትኛው ግራር እንደከሰለ ጠያቂ አልነበረውም፤ የፓርኩ ግራር ግን እየሳሳ ሄደ። የአዲስ አበባ ሆድና የፔሊካን ሆድ ከአንድ ውሃ ነው የሚሞላው።

ከመካከላችን የመስኖ መሐንዲስ አለ፣ አስጎብኚ አለ፣ ሕግ አርቃቂም አለ። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት እንዳላት ለእንግዳ መንገር ጥሩ ነው። ቱሪስቱ እንዲመጣ ግን መጀመሪያ ወፉ መኖር አለበት፤ ወፉ እንዲኖር ደግሞ ለአብያታ የሚደርሰው ውሃ ከመስኖው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። ላንጋኖ ለሽርሽር ስትወርዱ አንድ ሰዓት ለአብያታ ስጡ። ያያችሁትን ወፍ ቁጠሩ፤ ቀኑንና ቦታውንም ጻፉ። ኧርባንና ብራውን የጀመሩት መዝገብ ቀጣይ ይፈልጋል።