የአንድ የእንግሊዝ ባላባት መኮንን አስተዳደግ

በእንግሊዝ አገር በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ እስከ 1871 ድረስ በገንዘብ ይገዛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ልማድ ከተሻረ በኋላም ቢሆን መኮንኖቹ በብዛት ከዚያው ከላይኛው መደብ መምጣታቸው አልቀረም። ይኸውም የገንዘቡን ቦታ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ስለ ወረሰው ነው። ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት ለመመርመር ለሚፈልግ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደው ሻለቃ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው።

የቤተሰቡን ማዕረግ ያቋቋመው ቅድመ አያቱ የሕግ ሰው ሲሆን፣ እስከ ሎርድ ቻንስለርነት የደረሰ ነው። አያቱ፣ ሁለተኛው ሎርድ ቸልምስፎርድ፣ በ1844 ማዕረጉን በገንዘብ ገዝቶ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በ1868 ወደ መቅደላ በዘመተው በጄኔራል ናፒየር ጦር ውስጥም በከፍተኛ የመምሪያ መኮንንነት አገልግሏል። በ1879 ኢሳንድልዋና ላይ ይመራው ከነበረው ጦር ከ1,300 የሚበልጥ ሰው በዙሉዎች እጅ አለቀ። ሆኖም ይህን የመሰለ ሽንፈት ሹመቱን አላጓደለበትም፤ ኋላ ሙሉ ጄኔራል ሆኗል። አጎቱ ደግሞ ከ1916 እስከ 1921 በሕንድ የእንግሊዝ እንደራሴ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ለሚወለድ ልጅ አገር መግዛት የቤተሰብ ሙያ ሆኖ ይታየው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባቱ ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ስለ ነበሩ፣ ቴሲጀር ሰኔ 3 ቀን 1910 በለጋሲዮኑ ግቢ ተወለደ። ከአራት ወንድማማቾች የመጀመሪያው ነው። በ1916 የልጅ ኢያሱ መንግሥት ሲናወጥ ራስ ተፈሪ ሕፃኑን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለለጋሲዮኑ በአደራ ሰጡ። ከሰገሌ ጦርነት በኋላም የስድስት ዓመቱ ቴሲጀር የድል አድራጊዎቹን ሰልፍና የተማረኩትን ንጉሥ ሚካኤልን በዓይኑ አየ። ያን ዕለት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ለእኛ ግን ያ ቀን ወገን ከወገኑ ተፋጅቶ የዋለበት ዘመን መደምደሚያ እንጂ ትርኢት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ የተመለከተው ከክብር መቀመጫ ላይ ነውና ትርኢቱ ጎልቶ ቢታየው አያስደንቅም።

በ1919 እንግሊዝ አገር ገብቶ በብራይተን አጠገብ ሮቲንግዲን በሚባል ስፍራ ከሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ከወንድሙ ጋር ሲገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በዓመቱ አባቱ ሞቱ። ስለ ሰገሌ ዘማቾችና በሕንድ ስላየው የነብር አደን ለጓደኞቹ ቢነግራቸው ውሸታም ብለው አገለሉት። ርእሰ መምህሩም ክፉኛ ይገርፈው ነበር። መምህራን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከእኩዮቹ ሁሉ ይበልጥ ዓለምን ያየ ሕፃን ተቀብሎ፣ ያየውን እንዲናገር ሳይሆን እንዲደብቅ አስተማረው። እዚያ የሚፈለገው ዕውቀት ከውጭ የመጣ ሳይሆን በዚያው በአጥሩ ውስጥ የሚታደለው ብቻ ነበር። ዱላውን ያለ እንባ መቀበል፣ ከወላጅ መለየትን መቻል፣ ለበላይ መታዘዝ፣ ኋላም በተራ ማዘዝ፤ ሥርዓቱ መኮንን የሚሆን ሰው የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

በ1923 ወደ ኢተን ተሻገረ። በ1440 የተመሠረተው ይህ ኮሌጅ፣ እንደ ሌሎቹ የላይኛው መደብ ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ከ1908 ጀምሮ በተቋቋመው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ጓድ አማካይነት ለተማሪዎቹ የጦር ልምምድ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ኦክስፎርድ ገብቶ በቦክስ ታወቀ። በ1924 ራስ ተፈሪ ለንደንን በጎበኙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ሄዶ ተገናኝቷቸው ስለ ነበር፣ በ1930 ለንግሥ በዓላቸው በስሙ ጥሪ ደረሰው። የሃያ ዓመት ተማሪ ነበር። ከእንዲህ ያለ ጥሪ ጀርባ የአባትየው ወዳጅነት እንዳለ ማስታወስ ይገባል።

ቴሲጀር የሳንድኸርስትን የጦር አካዳሚ ደጃፍ አልረገጠም። ሆኖም በ1941 በሱዳን መከላከያ ጦር መኮንንነት ከዊንጌት የጌዴዎን ጦር ጋር ጎጃም ዘምቶ፣ አጅባር ላይ የነበረውን የጣሊያን ምሽግ ስለ ያዘ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸልሟል። ከሰባ ዓመቱ በኋላ፣ በ1987፣ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የሮቲንግዲኑን ግርፋት ዘርዝሮ ጽፎታል።