ከስኬችፓድ እስከ ኳድሮ፦ የንድፍ ኮምፒውተር የግራፊክስ ካርድ ታሪክና የምርጫው ጥያቄ



ለምህንድስና ንድፍ ቤተ ሙከራ ኮምፒውተር የሚገዛ ኮሚቴ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ለጨዋታ የተሠራው የግራፊክስ ካርድና «ፕሮፌሽናል» የተባለው ካርድ ብዙ ጊዜ ከአንድ የቺፕ ንድፍ የሚወጡ ሆነው ሳለ፣ ሁለተኛው እጅግ የሚወደደው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከዋጋ ዝርዝሩ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ዲግሪው ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ። ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር ስክሪኑ ላይ መስመር ይስላል፤ ሁለት መስመሮች ትይዩ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ ኮምፒውተሩም ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ የሚያወጣው ቲኤክስ-2 የተባለው ዋናው ኮምፒውተር ራሱ ነበር። ሰዘርላንድ በ1968 ከባልደረባው ከማየር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ሸክም ወዴት እንደሚያመራ አሳየ። ማሳየቱን ለሌላ ረዳት መሣሪያ እንሰጣለን፤ ረዳቱ ችሎታ እየተጨመረለት ራሱ ኮምፒውተር ይሆናል፤ ከዚያም እርሱም ረዳት ይሻል። ይህን ዑደት «የዳግም ልደት መንኮራኩር» ብለው ሰየሙት።

መንኮራኩሩ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዙር ዞረ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጂም ክላርክና ተማሪዎቹ ጂኦሜትሪ ኢንጅን የተባለ ቺፕ ሠሩ። ቺፑ አንድን ቅርጽ ማዞርን፣ ከእይታ የወጣውን ክፍል መቁረጥንና ወደ ስክሪን ልኬት መለወጥን ከዋናው ኮምፒውተር ተረከበ። ክላርክ ያቋቋመው ሲሊከን ግራፊክስ ኩባንያም ቺፑን፣ ማሽኑንና ሶፍትዌሩን አንድ ላይ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ገዥ ካርድ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሙሉ ወርክስቴሽን ነበር። ዋጋው ቢከብድም፣ ክፍሎቹ ለመስማማታቸው ኃላፊው አንድ ነበር።

ያ አንድነት የተፈታው ኩባንያው ራሱ በ1992 ኦፕንጂኤልን ለሌሎች አምራቾች ሲከፍት ነው። የንድፍ ሶፍትዌር ከአንድ ማሽን ጋር መታሰሩ ቀረ፤ ዊንዶውስ ኤንቲም ኦፕንጂኤልን ሲቀበል ተራው ኮምፒውተር ወደ ንድፍ ክፍል ገባ። በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ለጨዋታ ገበያ ሲያቀርብ፣ የክላርክ ቺፕ ይሠራው የነበረው ስሌት በርካሽ ካርድ ላይ ተገኘ። የመጀመሪያው ኳድሮም የተመሠረተው በዚያው ቺፕ ንድፍ ላይ ነበር።

ታዲያ የዋጋው ልዩነት ምን ይገዛል? ከሁሉ በፊት የሚገዛው ያንን የጠፋውን ኃላፊነት ነው። የፕሮፌሽናሉ ካርድ ድራይቨር ለንድፍ ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ ይፈተናል፤ የሶፍትዌሩ አምራችም ያረጋገጣቸውን ካርዶችና ድራይቨሮች በዝርዝር ያወጣል። በጨዋታ ውስጥ ለቅጽበት የጠፋ መስመር ማንንም አይጎዳም። በማሽን ክፍል ንድፍ ላይ የጠፋ ጠርዝ ግን መሐንዲሱን የተሳሳተ ፍርድ ያስፈርደዋል። አንዳንድ ከፍተኛ ካርዶች የማስታወሻ ስህተትን የሚያርም ሜሞሪ የሚይዙትም ለዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከካርዱ ሳይሆን ከሶፍትዌሩ ይጀምር። የምንጠቀምበትን ፕሮግራምና እትሙን እንወቅ፤ የተረጋገጡትን ካርዶች ዝርዝር እንመልከት፤ ቀጥሎም ትልቁ ስብስባችን የሚፈልገውን የሜሞሪ መጠን እንመዝን። አንድን ሞዴል ከለውጥ በኋላ መልሶ የመገንባቱ ሥራ በአብዛኛው የዋናው ፕሮሰሰር ድርሻ በመሆኑ፣ ውድ ካርድ ያንን መዘግየት አያስቀርም። ጥቂት ክፍሎችን እየሠራ ለሚማር ተማሪ ተራው ካርድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ንድፉ ወደ ፋብሪካ ለሚሄድበት መሐንዲስ ግን አይበቃም።

ቤተ ሙከራችን ሁለቱንም ያስተናግዳል። እንግዲህ ኮሚቴው ለሁሉም አንድ ዓይነት ካርድ ከመግዛቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ የሚሠራው ምን እንደሆነ ይጠይቅ።