ካራማራን ያለፈው ትእዛዝ፦ የ1970ው የሐረር ግንባር ሬድዮና ተራራ

የ1969–70 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ዲፕሎማሲ፣ በተለይም ሞስኮ ወዳጅ የቀየረችበት ሂደት፣ በሚገባ ተጽፏል፤ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ ከታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ ጋር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጣጥፍም ሆነ በ2009ኙ መጽሐፉ ውጊያውን በጥልቀት ተርኳል፤ ለመገናኛ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልሰጠም። የሦስት አገር ወታደሮች፣ ኢትዮጵያውያን፣ ኩባውያንና ሶቪየቶች፣ በአንድ ግንባር ሲዘምቱ ትእዛዙ በምን እንደተላለፈ ሳይጠየቅ ድሉን በታንክና በአውሮፕላን ብዛት ማስረዳት አይቻልም።

ይህ ክፍተት አንድ ያልተመረመረ ግምት አስገብቷል፦ በግንባሩ ላይ የነበሩት የአሜሪካና የሶቪየት ሬድዮዎች አይግባቡም የሚል። ግምቱን የሚያፈርሰው ምንጭ የሬድዮዎቹ መመሪያ ነው። በአሜሪካው ኤም-60 ታንክ ላይ የሚገጠመው የቪአርሲ-12 ቤተሰብ ከ30 እስከ 75.95 ሜጋኸርዝ፣ በሶቪየቱ ቲ-55 ላይ የሚገጠመው አር-123 ደግሞ ከ20 እስከ 51.5 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሁለቱም ኤፍ ኤም ናቸው። የአሜሪካው በየ50፣ የሶቪየቱ በየ25 ኪሎኸርዝ ስለሚራመድ፣ ከ30 እስከ 51.5 ባለው ክልል የአሜሪካው ቻናል ሁሉ በሶቪየቱ ላይ ይገኛል። አሜሪካዊው ሬድዮ ድምፅ ለመልቀቅ የሚጠብቀው የ150 ኸርዝ ምልክት በሶቪየቱ ላይ የለም፤ ይህ ግን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚታለፍ ነው። ክርክሬ የቆመው በመሣሪያዎቹ አቅም ላይ እንጂ በጥሪ መዝገብ ላይ አለመሆኑን መግለጽ ይገባኛል፤ አቅሙ ግን የማያሻማ ነው።

እውነተኛው እንቅፋት መሬቱ ነበር። ከሐረር እስከ ጅጅጋ በቀጥታ መስመር 75 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የእነዚህ ሬድዮዎች ሞገድ ግን ተራራ አይበሳም። ሐረር አጠገብ ካለው ከሐኪም ጋራ ሥር የተላከ ጥሪ ከጅጅጋ በፊት ባለው የካራማራ ተራራ ላይ ይቆማል። ከመሬት 3,000 ሜትር ከፍ ያለ አውሮፕላን ግን፣ በተለመደው የአድማስ ስሌት፣ እስከ 225 ኪሎሜትር ይደርሳል። ጥሪ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ አየር ላይ ያለ ሪሌ ዋና ጥቅሙም ይኸው ከፍታ ነው። አሜሪካኖች በአፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ያበረሩት ባክን የተባለው ሥርዓት በማይግባቡ የዳታ መረቦች መካከል መተርጎሙ ብዙ ተወርቶለታል፤ ተራራውን ባያልፍ ኖሮ ግን የሚተረጉመው ባልኖረው ነበር። በ1970 ጦሩ ካራማራን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በሰሜን ዞሮ፣ በሄሊኮፕተር የተጓጓዘ ኃይልም ከተራራው ጀርባ አርፎ፣ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ነጻ ስትወጣ፣ የትእዛዙ ሰንሰለት በዚያው ተራራ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ድሉን ለመረዳት መጠናት ያለበት ይህ ሁኔታ ነው።

ከደቡብ የመን የመጡት አሮጌ ቲ-34ዎች ሬድዮ ከዚህ ስሌት ውጪ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የዘመቻውን ሚዛን የወሰኑት ግን እነሱ አይደሉም። ምስጢራዊ ኮድስ? ኮድ በወረቀትም ይሠራል፤ ለዚያ አንድ ዓይነት ሬድዮ አያስፈልግም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ቋንቋ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። የሐረር ጦር አካዳሚ ከህንድ መኮንኖች እግር ሥር ያሳደጋቸው መኮንኖች እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር፤ ኩባውያኑ በስፓኒሽ፣ የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ መኮንኖች በሩሲያኛ ያዝዙ ነበር። ፍሪኩዌንሲው ቢገጥም እንኳ በሁለቱ ጫፍ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ተመራማሪ የመገናኛውን መዘግየት መፈለግ ያለበት ከሬድዮው ሣጥን ሳይሆን ከተራራው፣ ከእዙ ጠረጴዛና ከአስተርጓሚው ወንበር ነው።